ሰማይ በጣት፣ ሰማይ በዓይን

በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ 2011 ዓ.ም.፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ከመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ጋር እንጦጦ ወጣሁ፡፡ ለሕዝብ የተዘጋጀ የከዋክብት ምልከታ ምሽት መኖሩን የነገረኝ እርሱ ነው፡፡ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምሰነብት የባንክ ሠራተኛ ነኝና፣ አንድ ቀን እንኳ የማንም ያልሆነውን ልቁጠር ብዬ ተከተልኩት፡፡ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፡፡ ሰዉ ጋቢውንና ጃኬቱን ደራርቦ፣ ሜዳው ላይ በተተከለች አነስተኛ ቴሌስኮፕ ፊት ተሰልፏል፡፡ ተራዬ ደርሶ ዓይኔን ባስጠጋሁ ጊዜ በጨለማው መካከል ቀለበቷን ያጠለቀች አንዲት ቅንጣት አየሁ፡፡ ሳተርን ናት፤ የጥንት መጻሕፍቶቻችን ዘሐል የሚሏት፡፡

የሚያስጎበኘን ወጣት፣ «ሰማዩ ዛሬ ደህና ነው፤ የከተማው ብርሃን ግን ይሻማናል፡፡ እውነተኛውን ሰማይ ማየት የሚፈልግ ላስታ ይሂድ» አለ፡፡ ባልደረባዬ ሳቅ ብሎ፣ «ይኸው የላስታ ልጅ! ብልባላ ነው የተወለደው» ሲል ጠቆመብኝ፡፡ ወጣቱም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ታዲያ አንተ እዚህ ምን ልታይ መጣህ?» አለኝ፡፡ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፡፡ ጥያቄው ግን ከተራራው አብሮኝ ወረደ፡፡ ዓመታት አልፈውም አልተወኝም፤ ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እርሱው ነው፡፡

ወጣቱ የተናገረው ለቀልድ ብቻ አልነበረም፡፡ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ «እንጀራ ላልጠገበ አገር ኮከብ ምኑ ነው?» ያሉ ጥቂቶች አልነበሩም፡፡ መሥራቾቹ ግን ገፉበት፡፡ በባለሀብቱ በሼህ መሐመድ አል አሙዲ ድጋፍ፣ 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች በእንጦጦ ተራራ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ተተከሉ፡፡ የእንጦጦ ጉድለቱ ከእግሩ ሥር አዲስ አበባ መኖሯ ነው፡፡ ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ብርሃኗ ወደ ላይ ይወጣል፤ ደካማ ከዋክብትንም ይውጣል፡፡ ስለዚህም በላሊበላ አካባቢ ካሉት ተራሮች በአንዱ ላይ ከእንጦጦ የሚበልጥ የከዋክብት መመልከቻ ለመትከል መታሰቡ በ2007 ዓ.ም. በይፋ ተነግሮ ነበር፡፡

ላስታ ለምን ተመረጠ ቢሉ ምክንያቱ ብዙ ነው፡፡ ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ከበላይዋ የቆመው አቡነ ዮሴፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል፡፡ በዚያ ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ከአየሩ ከፊሉን ከእግሩ በታች ትቶታል፤ በእርሱና በኮከቡ መካከል የቀረው ስስና ደረቅ ነው፡፡ ሁለተኛው ምክንያት ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በ12 ዲግሪ ላይ መገኘቱ ነው፡፡ በዚህ ሥፍራ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በሚያዝያና በግንቦት ምሽቶች ደግሞ የደቡብ መስቀል የሚባሉት ከዋክብት በደቡብ በኩል ይወጣሉ፡፡ ጋራ ያልጋረደው ሰው አንዱን በፊቱ፣ ሌላውን በጀርባው አድርጎ በአንድ ሌሊት ሁለቱንም ያያል፡፡ የአውሮፓ ሰው መስቀሉን ለማየት፣ የአውስትራሊያ ሰው ደግሞ የሰሜኑን ኮከብ ለማየት አገር አቋርጦ መጓዝ አለበት፡፡ የብልባላ ሰው ከደጁ መውጣት ብቻ ይበቃዋል፡፡

ብልባላን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፡፡ በአቅራቢያዋ ከዓለት የተፈለፈሉት ብልባላ ጊዮርጊስና ብልባላ ቂርቆስ አሉ፤ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄድ መንገደኛም በዚያው አቅጣጫ ያልፋል፡፡ እንግዳ ሁሉ የሚመጣው ወደ ምድር ውስጥ የገባውን ሕንፃ ለማየት ነው፡፡ እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ ቅርሳችን ወደ ታች የሚታይ መሆኑን ተማርን፡፡ ከበላያችን ያለው ቅርስ ይሆናል ብሎ ያሰበ ግን ማን ነበር?

እርግጥ ነው፣ ኢትዮጵያ ስለ ሰማይ ያልጻፈች አገር አይደለችም፡፡ መጽሐፈ ሄኖክ ከዳር እስከ ዳር ተሟልቶ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፡፡ በውስጡም ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል ስለ ብርሃናት ጉዞ የሚያስተምር ሲሆን፣ ከሙት ባሕር ዋሻዎች በተገኙት የአራማይክ ቁርጥራጮች እንደ ታወቀው፣ ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ይጀምራል፡፡ በዚህ ክፍል ፀሐይ በምሥራቅ ስድስት ደጆች ትወጣለች፣ በምዕራብ ስድስት ደጆች ትገባለች፡፡ ዓመቱ 364 ቀን ነው፡፡ ቀንና ሌሊት በአንድነት ለ18 ክፍል ይከፈላሉ፤ ቀኑ እጅግ በረዘመ ጊዜ 12ቱ ክፍል የቀን፣ 6ቱ የሌሊት ይሆናል፡፡

እንግዲህ እንደ ባንክ ሠራተኛ ሒሳቡን እናመሳክር፡፡ 12 እጅ ቀን፣ 6 እጅ ሌሊት ማለት በዛሬው ሰዓት 16 ሰዓት ቀንና 8 ሰዓት ሌሊት ማለት ነው፡፡ በላስታ ግን የዓመቱ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም፡፡ ሊቃውንት ይህን የሁለት ለአንድ ስሌት ከጥንታዊቷ ባቢሎን ትምህርት ጋር ያዛምዱታል፡፡ አባቶቻችን መጽሐፉን ዓለም በረሳው ዘመን ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ከእሳትና ከብል ጠብቀው አቆዩት፤ ይህ ውለታ በምንም አይመዘንም፡፡ ነገር ግን የተጠበቀው ሰማይ የመጽሐፉ ሰማይ ነበር፤ በጣሪያቸው ላይ የተዘረጋው የላስታ ሰማይ አልነበረም፡፡

ባሕረ ሐሳብም እንዲሁ ነው፡፡ የኔታ በልጅነቴ ያስተማሩኝ በጣት አንጓ እየቆጠሩ ነበር፤ ባንክ ገብቼ ቀሪ ሒሳብ ሳሰላ ዛሬም የእርሳቸው ጣት ይታየኛል፡፡ ምሳሌ እንዲሆነን 2012 ዓ.ም.ን እንውሰድ፡፡ 5500 ዓመተ ኩነኔ ሲጨመርበት 7512 ዓመተ ዓለም ይሆናል፡፡ ይህ ለ19 ሲካፈል 7 ይተርፋል፤ አንዱ ተቀንሶ ወንበር 6፡፡ ወንበር በ11 ተባዝቶ 66፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 6፡፡ ወንበር በ19 ተባዝቶ 114፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 24፡፡ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ናቸውና ሒሳቡ ተመዛዝኗል፡፡ መጥቅዕ ከ14 በልጧልና በዓሉ በመስከረም 24 ዋለ፤ ቀኑ ቅዳሜ ነበር፡፡ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ሲጨመር 32፤ በ30 ሲገደፍ 2፡፡ ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 2 ገባ፤ ከዚያ 69 ቀን ተቆጥሮ ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ፡፡ በወረርሽኙ ምክንያት አብዛኞቻችን በየቤታችን ያከበርነው ያ ፋሲካ ነው፡፡

በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም አንገቱን ቀና አላደረገም፡፡ የስሌቱ ድንቅነት እዚህ ላይ ነው፤ ጉድለቱም እዚሁ ላይ ነው፡፡ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ይህ ቀመር፣ ደመናም ቢሆን፣ ክረምትም ቢሆን፣ ሰዓትና ራዲዮ በሌለበት ገጠር ሁሉ አንድ ሕዝብ በአንድ ቀን እንዲጾምና እንዲፈስክ አድርጓል፡፡ ነገር ግን 235 የጨረቃ ወራት ከ19 የፀሐይ ዓመታት ጋር ልክ ለልክ አይገጥሙም፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ልዩነት አለ፡፡ በአንድ ሰው ዕድሜ ይህ ምንም አይደለም፡፡ በ300 ዓመት ገደማ ግን አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል፡፡ በእኛ ሙያ እንዲህ ያለው ትንሽ ልዩነት «ይለፍ» ተብሎ ከዓመት ወደ ዓመት ሲሻገር የት እንደሚያደርስ እናውቃለን፡፡ መዝገቡን ከካዝናው ጋር ሳያመሳክሩ የሚዘጉት ሒሳብ በወረቀት ላይ ብቻ ይመዛዘናል፡፡

ኮከብ ቆጠራውማ ከሰማይ ጭራሹን ተፋቷል፡፡ አውደ ነገሥት የሚገልጥ ሰው የጠያቂውንና የእናቱን ስም ፊደላት ደምሮ፣ በ12 ገድፎ፣ «ኮከብህ ሐመል ነው» ወይም «አሰድ ነው» ይለዋል፡፡ ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን የተባሉት ስሞች ከዐረብኛ የመጡ የእውነተኛ ከዋክብት መጠሪያዎች ናቸው፡፡ ይሁን እንጂ ኮከቡን የነገረውም፣ የተነገረውም ሰው ሐመል በየትኛው ወር በየት በኩል እንደሚወጣ ተጠይቆ ሲመልስ ሰምቼ አላውቅም፡፡

ወደ ላስታም ሆነ ወደ ጎንደር ሰማይ መሣሪያ ይዞ ቀና ያለው፣ ብዙ ጊዜ እንግዳ ሰው ሆኖ እናገኘዋለን፡፡ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከከዋክብት ከፍታ ተነሥቶ የቦታዎችን አቀማመጥ ሲለካ ከርሞ፣ በ1773 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎችን ይዞ አውሮፓ ገባ፡፡ አንትዋን ዳባዲም ከ1838 እስከ 1848 ባሉት ዓመታት በኢትዮጵያ ከፍታዎች ላይ እየተዘዋወረ ተራሮችን ለካ፤ ብራናዎችንም ሰበሰበ፡፡ በኋላ በፈረንሳይ አገር በአንዳይ ባሠራው ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ አማርኛ አስጻፈ፤ በዚያው ቤት የከዋክብት መመልከቻ ተከለ፡፡ የእኛ መጽሐፍና የሰማይ መነጽር በአንድ ጣሪያ ሥር የተገናኙት፣ እንግዲህ፣ በባዕድ አገር የባሕር ዳርቻ ላይ ነው፡፡

ነገር ግን ፍርዴ የሊቃውንቱን ጉባኤ ብቻ አይቶ እንዳይጣመም እናቴንም ልጥራ፡፡ እናቴ ወንበርንም አበቅቴንም አታውቅም፡፡ ሌሊት ተነሥታ ስትፈጭ ወይም ማኅሌት ልትሄድ ስትል በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ጋራው ታያለች፤ አጥቢያ ኮከብ ወጥቶ እንደሆነ «ነግቷል» ትላለች፡፡ በማይታይበት ወራት ደግሞ ሰባቱ ከዋክብት የት እንደ ደረሱ ታያለች፡፡ ገበሬው አጎቴም ፀሐይ በየትኛው የጋራ ስንጥቅ እንደ ወጣች አይቶ የእርሻውን ወራት ይለያል፡፡ የሄኖክን ደጆች ሳያነብ ደጆቹን ያውቃቸዋል ማለት ነው፡፡ በአንድ መንደር፣ በአንድ ደብር ጥላ ሥር፣ አንዱ ሰማይን በጣቱ ይቆጥራል፤ ሌላው በዓይኑ ያያል፡፡ ሁለቱ ተቀምጠው ሲመካከሩ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፡፡

ይህም የሆነው ሰኔ 13 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት ላይ ነበር፡፡ በማግስቱ እሑድ፣ ሰኔ 14፣ ጨረቃ ፀሐይን በቀለበት መልክ እንደምትጋርዳት፣ የጥላውም መንገድ ከኮንጎ ተነሥቶ በደቡብ ሱዳንና በኢትዮጵያ አልፎ ወደ የመን እንደሚሻገር፣ ላሊበላም በመንገዱ ላይ እንዳለች ሲነገር ሰንብቷል፡፡ ፈቃዴን ወስጄ ብልባላ እናቴ ዘንድ ነበርኩ፡፡ የኔታን ልጠይቃቸው ሄድኩና፣ «የኔታ፣ ነገ ፀሐይ ትጋረዳለች ይላሉ፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» አልኳቸው፡፡ እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን መቁጠር ጀመሩ፡፡ ከዚያ ድንገት አቋረጡና ወደ እናቴ ዞረው፣ «ጨረቃን ለመጨረሻ ያየሻት መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቋት፡፡ እናቴም፣ «ዛሬ ንጋት የለችም፤ አልቃለች» አለች፡፡ የኔታ በትራቸውን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ፡፡ በደመናው መካከል ጥቁር ሰማይ ይታያል፤ ፍኖተ ሐሊብም በከፊል ተዘርግቷል፡፡ አንጋጠው ቆዩና፣ «ጨረቃ ካልጠፋች ፀሐይ አትጋረድም፤ እንግዲያስ ይሆናል፡፡ ጣት የቆጠረውን ዓይን ይመስክር» አሉ፡፡

በጠዋት ተነሥቼ ላሊበላ ወረድኩ፡፡ ጊዜው በወረርሽኙ ምክንያት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መሰባሰብ የተከለከለበት ነበርና፣ ሰዉ በየተዳፋቱ ተራርቆ ቆሟል፡፡ የነበረን መነጽር ጥቂት ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እያንዳንዱ በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ያቀብላል፡፡ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ብርሃኑ እየደበዘዘ ሄደ፤ ጧቱ ወደ ምሽት የተመለሰ መሰለ፡፡ ከዚያም ለአንድ ደቂቃ ያህል በጥቁሩ ክብ ዙሪያ የእሳት ቀለበት ቆመ፡፡ ጨረቃ በዚያን ዕለት ከምድር ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን ስፋቷ አልበቃትም፤ የተረፈው ጠርዝ ነው ቀለበት የሆነው፡፡ አጠገቤ የነበሩ አሮጊት «እግዚኦ» ብለው አማተቡ፤ ቀጥለውም መነጽሩን ደግመው ለመኑኝ፡፡ እንጦጦ ላይ ያየኋት የሳተርን ቀለበት ትዝ አለችኝ፡፡

ያ ቀን ሌላም ነገር ነበረው፡፡ ፀሐይ ወደ ሰሜን የምትሄድበትን ጉዞ ጨርሳ የምትመለስበት፣ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ነበር፤ በሄኖክ ቋንቋ ፀሐይ በመጨረሻው፣ በስድስተኛው ደጅ የምትወጣበት፡፡ እኩለ ቀን ላይ ደመናው በገለጠ ጊዜ ጥላዬ ወደ ደቡብ ወድቆ አየሁት፡፡ በዚያ ወቅት የላስታ ፀሐይ በስተ ሰሜን በኩል ታልፋለችና፡፡ በዚያች አገር ተወልጄ፣ በዚያች አገር አድጌ፣ ይህን ልብ ያልኩት በሠላሳዎቹ ዕድሜዬ ነው፡፡

ብዙም ሳይቆይ ጨለማው ሌላ መልክ ያዘ፡፡ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላሊበላ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር፣ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ፡፡ እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ እናቴ ብልባላ፡፡ ማታ ማታ ወደ ውጭ እየወጣሁ ወደ ሰሜን አያለሁ፡፡ በከተማው ብርሃን መካከል የምቆጥራቸው ከዋክብት ከጣቶቼ ብዙም አይበልጡም ነበር፡፡ «እርሷ አሁን ሁሉንም ታያለች» እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር፤ ሥራዬ መቁጠር ነው፣ ግጥም መሞካከርም እወዳለሁና እንዲህ ያለ ማጽናኛ አይጠፋኝም፡፡

ስልኩ በተከፈተ ጊዜ ከደህንነቷ ቀጥሎ የጠየቅኋት ይህንኑ ነው፡፡ «ሌሊቱን እንዴት ታሳልፊው ነበር? ኮከቡን እያየሽ ነው?»

«ኧረ ልጄ» አለችኝ፤ «የምን ኮከብ? ገና ሳይመሽ በራችንን ዘግተን ነው የምንቀመጥ፡፡ ሻማ የለ፣ ጋዝ የለ፡፡ ደጅ ወጥቶ ሰማይ የሚያይ ማን ነበር?»

ያን ጊዜ ነው ስለ ጨለማ ያሰብኩት ሁሉ የፈረሰው፡፡ በነዚያ ወራት በብልባላ ላይ የነበረው ሰማይ በዘመናችን ከታዩት ሁሉ የጠራ እንደ ነበር አልጠራጠርም፤ አንድም አምፖል አይሻማውምና፡፡ ተመልካች ግን አልነበረውም፡፡ ጨለማ ሀብት የሚሆነው ሰው ወዶ ሲገባበት ነው፡፡ መብራቱን አጥፍቶ የወጣ ሰው ጨለማና መብራት የተነፈገ ሰው ጨለማ በሰማይ በኩል አንድ ናቸው፤ በምድር በኩል ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፡፡ ስለዚህ ስለ ላስታ ሰማይ ጥራት ስንናገር፣ የመንደሩን ድኅነት እንደ ጌጥ የምናወድስ እንዳንሆን መጠንቀቅ ይገባናል፡፡ ለብልባላ መብራት ይብራላት፤ አምፖሉ ወደ ምድር ብቻ እንዲያበራ ከላዩ ቢከደን ለመንገደኛውም ለኮከቡም ይበቃል፡፡ በተራራው ላይም የታሰበው መመልከቻ አንድ ቀን ቢቆም፣ በሩ ከሩቅ ለሚመጣው ተመራማሪ ብቻ ሳይሆን ለየኔታ ተማሪዎችና ለእናቴ ቢጤዎችም ይከፈት፡፡ ጣትና ዓይን የሚታረቁት እዚያ ነው፡፡

አሁን ለወጣቱ ጥያቄ መልስ ያገኘሁ ይመስለኛል፡፡ «ታዲያ አንተ እዚህ ምን ልታይ መጣህ?» ብሎኝ ነበር፡፡ ኮከቡንማ አገሬ ላይ ትቼው መጥቻለሁ፡፡ ያን ማታ እንጦጦ ላይ ያየሁት፣ ያኔ ባይገባኝም፣ ሌላ ነገር ነበር፤ የማይተዋወቅ ሕዝብ በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ፣ ማንም ማንንም ሳይፈራ፣ ተራውን እየጠበቀ፣ እየሳቀ መቆሙን፡፡

ለብልባላም እንዲህ ያለውን ሌሊት ያምጣልን፡፡